ቀትር በስድስት ሰዓት ከሃያ

1

ደሴ ውስጥ አንድ መስጊድ ደጃፍ ላይ የሶላት ሰዓት ሰሌዳ ተሰቅሏል። የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ የሚገባበት ሰዓት በየጊዜው ይለወጣል። በየካቲት መጀመሪያ ወደ ስድስት ሰዓት ከአርባ ይጠጋል። በጥቅምት መጨረሻ ስድስት ከአሥር አካባቢ ይደርሳል። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ የሚያርፍበት ቀን ግን የለም።

እዚያው ሰፈር በአንድ ተማሪ ደብተር ላይ ያነበብሁት፦ «ፀሐይ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ መሐል አናት ላይ ትሆናለች።» በቀይ እስክሪብቶ ትክክል ተብሎ ታርሞለታል። ልጁ ዙሁርን የሚሰግደው ሰሌዳው ከተሰቀለበት መስጊድ ነው።

2

የሀገራችን ሰዓት የተቆረጠው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። መስመሩ በሶማሌ ክልል፣ በዋርዴር አቅራቢያ ያልፋል። ደሴና ኮምቦልቻ ከመስመሩ በስተምዕራብ ከ5 ዲግሪ በላይ ርቀዋል። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። ስለዚህ መስመሩ ላይ ቀትር ከሆነ ከ21 ደቂቃ በኋላ ነው ደሴ ቀትር የሚሆነው። ጋምቤላ ከ40 ደቂቃ በላይ ትጠብቃለች።

ሌላም አለ። የምድር ምህዋር ሞላላ ነው፤ ዘንጓም ያዘነበለ ነው። ሁለቱ ተደምረው ቀትርን ወዲህና ወዲያ ይገፉታል። ደሴ ላይ ጥቅምት 24 አካባቢ ቀትር 6፡05 ላይ ይሆናል። የካቲት 4 አካባቢ 6፡36።

ይህ ሁሉ መስጊዱ ሰሌዳ ላይ አለ።

3

የአስር ሶላት መግቢያ የጥላ ርዝመት ነው። የአንድ ነገር ጥላ፣ ቀትር ላይ የነበረው ሳይቆጠር፣ ከራሱ ቁመት ጋር ሲተካከል አስር ገባ ይባላል። የሐነፊ መዝሀብ ተከታዮች እጥፉ እስኪሆን ይቆያሉ።

በግዕዝ የባሕረ ሐሳብ (የዘመን ስሌት) መጻሕፍት ውስጥም የጥላ ሠንጠረዥ አለ። በየወሩ፣ በየሰዓቱ፣ የሰው ጥላ ስንት ጫማ እንደሚሆን ተመዝግቧል። ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ እነዚህን የብራና ጽሑፎች አጥንቶ በ1979 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሞባቸዋል።

ሼኹም መሪጌታውም ጥላ መለካት ያውቃሉ። አንዳቸውም ሳይንስ ክፍል ተጋብዘው ሲያስተምሩ አላየሁም። ይህ ያስቆጨኛል።

4

ልጆችን አንድ ነገር ጠየቅሁ። ጥላችሁ የሚጠፋው መቼ ነው?

«ሁልጊዜ ቀትር ላይ!» አሉ ባንድ ድምፅ።

ጊዜው ለቀትር ጥቂት የቀረው ነበር። ወሩ ታኅሣሥ። የእያንዳንዳቸው ጥላ ከቁመታቸው ግማሽ በልጦ ወደ ሰሜን ተዘርግቷል። አንዲት ልጅ ብቻ ወደ መሬት አየች። ምንም አላለችም።

ደሴም ኮምቦልቻም ላይ ፀሐይ ልክ አናት ላይ የምትደርሰው በዓመት ሁለት ቀን ነው፤ ሚያዝያ 11 አካባቢ አንድ፣ ነሐሴ 18 አካባቢ ሁለት። ያን ቀን ቀትር ላይ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ጥላ አይኖረውም። የነሐሴውን ብዙውን ጊዜ ደመና ይወስደዋል። የሚያዝያው ይሻላል፤ ሰዓቱም 6፡20 ገደማ ነው።

በሁለቱ ቀኖች መካከል ላለው አራት ወር ፀሐይ ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ትሄዳለች። የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ክፍል ውስጥ የሚሣለው ሥዕል ላይ ግን በሰሜን ንፍቀ ክበብ የቆመ ሰው ቀትር ላይ ፀሐይን ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ያያል። ሥዕሉ አውሮፓ ላለ ልጅ ልክ ነው። ሰኔ ላይ ደሴ ውስጥ ግቢው መሐል የቆመ ልጅ ጥላውን አይቶ መጽሐፉን ቢጠራጠር ልጁ ነው ልክ።

ለሙከራው አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ይበቃል። ቀጥ ማለቱን ለማረጋገጥ ደግሞ ክርና ድንጋይ።

5

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ተነስተን የሐረጎን ዳገት እየወጣን ነው። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ተዘጋ። አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ሳቡ። ከፊቴ የተቀመጠ ልጅ እናቱን ጠየቃት።

«እማ፣ ወደ ፀሐይ እየቀረብን አይደል? ለምን ይበርዳል?»

«ደሴ ነዋ!»

ተሳፋሪው ሳቀ። ልጁ አልሳቀም።

ጥያቄው በሳምንቱ ከሰማኋቸው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ደሴ ከኮምቦልቻ 650 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ከፀሐይ የምንርቀው በአማካይ 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ሐረጎን መውጣት ከዚህ ላይ የሚቀንሰው የለም ማለት ይቻላል። አየሩን በዋነኛነት የሚያሞቀው ፀሐይ ያሞቀችው መሬት ነው። አየር ወደ ላይ ሲወጣ የሚጫነው ይቀንሳል፣ ይሰፋል፣ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል፤ በ1,000 ሜትር 6 ዲግሪ ተኩል ያህል። ከኮምቦልቻ ደሴ አራት ዲግሪ መሆኑ ነው።

ለልጁ ነገርሁት። እናቱም ዘወር ብላ አዳመጠች። «ታዲያ ይህን ለምን አያስተምሯቸውም?» አለች። ያስተምሯቸዋል። ስለ ሐረጎ መሆኑን ግን አይነግሯቸውም።

6

ኮምቦልቻ ሰው ጥላ ፈልጎ ይቆማል። ደሴ ሰው ፀሐይ ፈልጎ ይቆማል።

ቆዳ የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የሚበረታው ደሴ ነው።

7

ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ታኅሣሥ 25 አካባቢ ነው፤ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። በዚያው ሰሞን በወረኢሉና በደላንታ ሜዳ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል።

በጣም የምትርቀው ሰኔ 27 አካባቢ ነው፤ 152 ሚሊዮን። ኮምቦልቻ ከዓመቱ ሁሉ የምትሞቀው በሰኔ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬን «በጋና ክረምት የሚፈራረቁት ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ምድር ስትቀርብና ስትርቅ ነው» አለኝ። የተማረ ሰው ነው። ታኅሣሥ ማለዳ እጁን እያፋተገ ነበር የመለሰልኝ።

8

ሐምሌ ላይ ፀሐይ ከአናታችን ብዙ አትርቅም። ሐምሌ ላይ ጋቢ እንለብሳለን። የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን እየተከተለ ከደቡብ ይመጣል፤ በመጨረሻ ራሷን ፀሐይን ይሸፍናታል።

9

ጥቁር ሰሌዳ ላይ መምህሩ ጨረቃን ሣለ። ቀጭን ማጭድ፣ ቀጥ ብላ የቆመች። ተማሪዎቹም ቀጥ አድርገው ገለበጧት።

ደሴ ላይ አዲስ ጨረቃ አመሻሽ ላይ ስትታይ እንደ ታንኳ በጀርባዋ የተኛች ናት። ቀንዶቿ ወደ ሰማይ ይጠቁማሉ። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር ፀሐይና ጨረቃ ወደ አድማስ የሚወርዱት ቀጥ ብለው ነው። ስለዚህ ጨረቃ ብርሃን የሚነካት ከሥሯ ነው። ቆማ የምትታየው ሰሜን ርቆ ላለ ሰው ነው።

ከትምህርት ሰዓት በኋላ ከአንዲት ተማሪ ጋር በስተምዕራብ ያለውን የጦሳን ተራራ አናት አየን። ጨረቃ ነበረች። «ተኝታለች» አለች ልጅቷ። ደብተሯን አውጥታ የሣለችውን አየች። ከዚያ ዘጋችው። ፈተና ላይ የትኛውን እንደምትሥል አልጠየቅኋትም።

10

ልጆች ጨረቃን ሲሥሉ ሰማዩን ጥቁር ይቀቡታል። በማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ጨረቃ ከሞላች ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጦሳ ላይ ነጣ ብላ ትታያለች። አይተዋታል። «ጨረቃ በቀን ትታያለች?» ሲባሉ ግን «አትታይም» ይላሉ።

«ጨረቃ ለምን ትጎድላለች?» ሲባሉም «የምድር ጥላ ስለሚያርፍባት» ይላሉ። ጥላው የሚያርፍባት ግርዶሽ ሲሆን ብቻ ነው። በተረፈ ግማሿ ሁልጊዜ ብርሃን አለው፤ የሚለዋወጠው ከዚያ ግማሽ ለእኛ የሚታየን ድርሻ ነው። ማለዳ ጦሳ ላይ ጎደል ብላ ስትታይ ፀሐይም ሰማይ ላይ ናት። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ያየ ልጅ የጎደለው ወገኗ ከፀሐይ የራቀው መሆኑን ራሱ ይደርስበታል።

11

የሻዕባን ሃያ ዘጠነኛ ቀን አመሻሽ፤ የረመዳን ጨረቃ የምትጠበቅበት። ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቷል። ስልክ ይደወላል። «ታየች?» «እናንተ ጋ ታየች?» ኮምቦልቻ ደሴን ይጠይቃል፣ ደሴ አዲስ አበባን፣ አዲስ አበባ መካን።

ከጨረቃ እስከ ጨረቃ 29 ቀን ተኩል ይሆናል፤ በአማካይ 29.53። ወሩ 29 ወይም 30 የሚሆነው ለዚህ ነው። የማታው ሶላት፣ መግሪብ፣ የሚገባበት ደቂቃ አስቀድሞ ተሰልቶ ታትሟል፤ ማንም ለእሱ ጣሪያ አይወጣም። ወሩ የሚገባው ግን በዓይን ነው። አንድ ሼኽ ስለዚህ ስጠይቃቸው «ማየት ዒባዳ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን ከስሌት ጋር ማወዳደር ትቻለሁ። ያን ምሽት ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉም ሰማይ ያያል። በሌላው ምሽት እንዲህ ሲሆን አላየሁም።

12

የሒጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ነው። ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመጣል።

በባሕረ ሐሳብ አበቅቴ የሚባለው ቁጥር በየዓመቱ በ11 ይጨምራል። ሠላሳ ሲሞላ ይገደፋል።

አንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ሽማግሌዎች አውቃለሁ። አንዱ የፊተኛውን ያሰላሉ፣ ሌላው የኋለኛውን። በየበዓሉ ይጠያየቃሉ። አሥራ አንዷን ቀን አንሥተው ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

13

ወሎ ውስጥ እስላምና ክርስቲያን የተዋለደበት ቤት ብርቅ አይደለም። በእንደዚህ ያለ ቤት ሐሙስ ማታ ተቀምጬ ነበር። እናትየው «የጁምዓ ሌሊት ነው» አሉ። ለእሳቸው ፀሐይ ስትገባ ዓርብ ገብቷል። የወንድማቸው ሚስት የነገውን በዓል ዋዜማ ለመቆም ነጠላዋን አነሳች፤ ለእሷም የነገው ቀን ጀምሯል። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የምትሠራው ልጃቸው ስልኳን አየች። በስልኩ ዓርብ የሚገባው ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ታናሽየው «ቀን የሚጀምረው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው» አለ፤ ከክፍል የተማረው ነው።

ማንም አልተከራከረም። ሁሉም በየራሱ ሰዓት ተነሣ።

14

ዲሽ የሚያስገጥሙ አንድ የቤት ባለቤት «ምድር ትዞራለች የሚሉትን አልቀበልም» አሉ። «ብትዞር ኖሮ ይኼ ዲሽ በየቀኑ ይዛባ ነበር።»

ዲሽ የሚገጥመው ልጅ ጣሪያ ላይ ነበር። «ጋሼ፣ ሳተላይቱም አብሮ ይዞራል እኮ» አለ።

ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። አንድ ዙር የሚጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው፤ ምድርም ራሷን የምትዞረው በዚያው ጊዜ ነው። ደሴ ላይ ለናይልሳት የተገጠመ ዲሽ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል፤ ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው። ኢትዮሳት ሲመጣ ብዙ ዲሽ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ቀና አለ፤ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው።

ልጁ ብሎኑን አጠበቀ። ሥዕሉ ጠራ። ባለቤቱ ዜና ከፈቱ። የሰውዬውን ክርክር ግን አልናቅሁትም። ዲሹ አለመንቀሳቀሱን አስተውለው ምክንያት ጠይቀዋል። ምድር እንደምትዞር ሸምድዶ የሚያልፍ ተማሪ ይህን አይጠይቅም።

15

ፀሐይና ዝናብ ሲገናኙ ጅብ ወለደች ይባላል። ልጆቹ ጅቧን ይፈልጋሉ። የሚያገኙት ግን ቀስተ ደመና ነው፤ እሱም ከፀሐይ ተቃራኒ ነው የሚወጣው። ጊዜው ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ወደ ጦሳ ያዘነበለችበት ከሆነ በስተምሥራቅ ወዳለው አዝዋ ገደል መዞር ነው።

16

ፈተና ላይ፦ «ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች። እውነት ወይስ ሐሰት?» መልሱ እውነት።

አዝዋ ገደል አናት ላይ ፀሐይ የምትወጣበትን ቦታ ከአንድ በረንዳ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ያየ ሰው ቦታው ሲሄድና ሲመለስ ያያል። ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ወደ ደቡብ፣ ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ወደ ሰሜን። ከዳር እስከ ዳር 48 ዲግሪ ያህል። በትክክል ምሥራቅ ላይ የምትወጣው መስከረም 12 እና መጋቢት 11 አካባቢ ነው።

ሙሉው በግዕዝ ብቻ የተረፈው መጽሐፈ ሄኖክ ይህን መመላለስ ያውቀዋል፤ በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብ ስድስት መውጫና መግቢያ ይቆጥራል። ረጅሙ ቀን የሌሊቱ እጥፍ እንደሚሆንም ይናገራል። እንደዚያ ያለ ቀን ፓሪስ አካባቢ እንጂ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። ደሴ ላይ የዓመቱ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ገደማ ነው፤ አጭሩ 11 ሰዓት ተኩል አይሞላም። መጽሐፉን በብራና የገለበጡት አባቶች በየቀኑ የሚያዩት ሰማይ ሌላ ነበር። ቃሉን ሳይነኩ አስተላለፉት።

17

ክፍል ውስጥ በሽቦ የተንጠለጠለ ሞዴል አለ። ፀሐይ ብርቱካን ታህላለች፣ ምድር ሎሚ፣ ጨረቃ ሽንብራ። ሦስቱም አንድ ክንድ ውስጥ ናቸው።

በልኩ እንሥራው። ከደሴ ኮምቦልቻ ያለውን መንገድ 23 ኪሎ ሜትር ብለን ፀሐይን ደሴ ፒያሳ፣ ምድርን ኮምቦልቻ እናስቀምጥ። ፀሐይ 214 ሜትር ስፋት ያላት ኳስ ትሆናለች። ምድር ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ጨረቃ ከግማሽ ሜትር ትንሽ የምትበልጥ፣ ከምድር 59 ሜትር ርቃ። በመካከሉ ያለው ሐረጎ፣ ጠመዝማዛው ሁሉ ባዶ ነው።

ይህን ለአንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነገርሁት። ብዙ ዝም አለ። «ታዲያ ጨረቃ እንዴት ፀሐይን ትጋርዳለች?» አለ። ፀሐይ በስፋት ጨረቃን 400 ጊዜ ያህል ትበልጣለች፤ በርቀትም 400 ጊዜ ያህል። ስለዚህ ከምድር ሲያዩዋቸው እኩል ይመስላሉ። ይህን ስነግረው «ለምን እኩል ሆነ?» ብሎ ቀጠለ። አጋጣሚ ነው። ጨረቃ በየዓመቱ 3.8 ሳንቲ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ሁልጊዜ እኩል አትሆንም።

18

ስለ ደሴ አመሠራረት ሲተረክ ጭራ ያለው ኮከብ ይነሣል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሠፍረው ሳለ አይተውት በመደሰታቸው ከተማዋን ቆረቆሩ ይባላል። የ1875 መስከረም ኮከብ ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር የ1882። ከፀሐይ ጎን በጠራራ ቀን ጭምር ታይቷል። ለፀሐይ እጅግ ተጠግቶ አለፈ፤ ከዚያም እምብርቱ ተሰነጣጠቀ።

ይህን በታሪክ ትምህርት የሰሙ ተማሪዎችን ስለ ጭራ ኮከብ ምን እንደሚያውቁ ጠየቅኋቸው። «ሃሌይ» አሉ። በየ76 ዓመቱ እንደሚመጣም ነገሩኝ። የከተማቸውን ኮከብ ያነሣ የለም። ታሪክ ሌላ ክፍለ ጊዜ ነው።

19

ሰኔ 14 ቀን 2012፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ። ላሊበላ ላይ ፀሐይ ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ቀለበት ሆነች። ደሴ ከመስመሩ በስተደቡብ ናት፤ ከፀሐይ ስፋት ከአሥር እጅ ዘጠኙ በላይ የተጋረደባት ከተማ ነበረች። ይህን ያህል ግርዶሽ አንድ ቦታ ላይ ቶሎ ቶሎ አይገጥምም።

ትምህርት ቤቶች በኮሮና ተዘግተው ነበር። ስለ ግርዶሽ ያነጋገርኋቸው ተማሪዎች የጨረቃንና የፀሐይን ግርዶሽ ልዩነት በቃላቸው ይሉታል። ያን ጠዋት የት እንደነበሩ ስጠይቅ፣ አንዱ እናቱ በር ዘግታ አስተኝታው እንደነበር ነገረኝ። «ዓይን ያጠፋል ስለተባለ» አለ። እናቱ ልክ ናት፤ ራቁት ዓይን ይጎዳል። ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ ካርቶን መብሳት እንደሚቻል የነገራት ሰው ግን አልነበረም። በቀዳዳው ያለፈው ብርሃን ከበስተሥሩ በተያዘ ነጭ ወረቀት ላይ ማጭድ ይሥላል። የዛፍ ቅጠል ክፍተትም ይህንኑ ያደርጋል፤ መሬቱ በትንንሽ ማጭዶች ይሞላል።

ቀጣዩ ትልቅ ግርዶሽ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ነው። ሙሉው በሉክሶር፣ በጅዳና በመካ ያልፋል። ደሴና ኮምቦልቻ በከፊል ያዩታል፣ ደመናው ከገለጠ። ካርቶኑን ከሰኔ ፈተና በፊት ክፍል ውስጥ ማሠራት ያስፈልጋል። ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ዝግ ነው።